ጉልበት ሲታመም ሆድ ለምን ይታሰራል?

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሕመም ማስታገሻ እንድናገር ስጋበዝ ከየት ልጀምር ብዬ ብዙ አላሰብኩም። ከእናቴ ጉልበት እጀምራለሁ።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉልበቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ ከታዘዙላት መድኃኒቶች አንዱ ትራማዶል ነው። የሚዋጥበትን ሰዓት በወረቀት ጽፌ ከአልጋዋ አጠገብ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ፋርማሲስት ልጅ ላላት እናት ከዚህ ያነሰ አይገባትም። በአራተኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ። «ጉልበቴን አስታግስልኝ ብልህ ሆዴን ቆለፍክብኝ» አለችኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሆዷ አልሠራም። ያቅለሸልሻታል፣ ትፈዛለች፣ ቡናዋ እንኳ አልጥም ብሏታል። እኔም በሙያ ቋንቋ «የጎንዮሽ ጉዳት ነው እማዬ፤ የሚጠበቅ ነው» አልኳት። «እኔን የያዘኝ ከጎን አይደለም፤ ፊት ለፊት ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

እውነቷን ነው። መድኃኒቱ ለጉልበቷ የተለየ ፍቅር የለውም። ይዋጣል፣ በአንጀት ይገባል፣ በደም ተሳፍሮ አካሏን ሁሉ ያዳርሳል። ጉልበቷ የሚደርሰው ከሌላው አካል ጋር ተካፍሎ ነው።

ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ወጌሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ጋ ነው?» ብሎ ነው። እጁንም እዚያው ያሳርፋል። ዋግምት የሚያደርግ ሰውም ቀንዱን የሚተክለው ያመመው ቦታ ላይ ነው። ይፈውሳሉ አይፈውሱም የሚለውን ሌላ ቀን እንከራከርበታለን፤ ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነው። በመድኃኒት ቅመማ በኩል ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት እንደተመለሰ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ሞርፊን፣ ፌንታኒል፤ እነዚህ ሁሉ ኦፒዮይድ የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የቤቱ አባወራ ሞርፊን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ፍሪድሪክ ዘርቱርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ከፖፒ አበባ ፍሬ ወተት አንጥሮ አወጣው፤ እንቅልፍ ስለሚጥልም በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስም ጠራው። ዘርቱርነር በመድኃኒት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የኔው ሙያ ሰው ስለነበር ትንሽ እኮራበታለሁ። ከእሱ በኋላ ግን ወደ 170 ዓመት ገደማ ሰው ሞርፊንን ሲውጥና ሲወጋ ኖሮ፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም ነበር። በ1973 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር ማረፊያውን አሳዩ። በኒውዮርክና በስዊድን ኡፕሳላም ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት እዚያው ደረሱ። ማረፊያው «ተቀባይ» ይባላል። በሕዋሱ ቆዳ ላይ የተተከለ የቁልፍ ቀዳዳ ነው በሉት።

ሰውነት ደግሞ ለአበባ ብሎ በር አይሠራም። ቀዳዳው ካለ የራሱ ቁልፍ አለው ማለት ነው። በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ቁልፍ አገኙና ኤንኬፋሊን አሉት። ኢንዶርፊን የሚባሉትም የዚሁ ወገን ናቸው። ሞርፊን እንግዲህ የተመሳሰለ ቁልፍ ነው።

ችግሩ ቀዳዳው የሌለበት ቦታ ጥቂት መሆኑ ነው። በአከርካሪና በአንጎል ሲከፈት ሕመም ይደበዝዛል፤ ይህንን ፈልገን ነው የወሰድነው። በአንጎል ሌላ ጓዳ ሲከፈት ደስታ ይሰጣል፤ ሱስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትንፋሽን በሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ሲከፈት መተንፈስ ይዘገያል፤ ከልኩ ያለፈ ሰው የሚሞተውም እንዲህ ነው። በአንጀት ግድግዳ ሲከፈት አንጀት መንቀሳቀሱን ይተዋል። የእናቴን ሆድ የቆለፈው ይኸው ነው። በአሜሪካ በ2021 ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎች በኦፒዮይድ ምክንያት ሞተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የምታውቁትን መድኃኒት ልጥራ፤ በኋላ ስለምንመለስበት አስታውሱልኝ። ሎፐራሚድ። ለተቅማጥ የሚሰጠው፣ አንዳንዶቻችሁ ለረጅም የአውቶቡስ ጉዞ በቦርሳችሁ የምትይዙት ትንሽ እንክብል። ይህ መድኃኒት ኦፒዮይድ መሆኑን የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ሁለት ሰው። ሁለታችሁም ፋርማሲስቶች ናችሁ፤ አትቆጠሩም።

የቤልጂጉ ፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ በ1960 ፌንታኒልን፣ በ1969 ደግሞ ሎፐራሚድን ሠራ። አንዱ ዛሬ አሜሪካን የሚያስለቅስ፣ ሌላው መንገደኛን ከሐፍረት የሚያድን፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው በር ላይ ነው። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ዘበኛ አለው። ፌንታኒል ሲመጣ ዘበኛው አያስቆመውም፤ ሎፐራሚድን ግን እግሩን ሲያስገባ መልሶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሎፐራሚድ በታዘዘው መጠን ሲወሰድ አንጀትን ያረጋጋል እንጂ አያፈዝም፣ አያስተኛም፣ ትንፋሽ አይነካም። ሕመም አያስታግስም ተብሎም ለዘመናት የማስታገሻ መዝገብ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንመለስ።

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሮማዊው ኬልሰስ የብግነትን አራት ምልክቶች ቆጥሮ ጽፏል፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ መታመም። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል፤ በየቤታችን «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ይህን የቤታችንን ቃል እወደዋለሁ፤ የተቆጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ይግላል፣ ይነፋፋል፣ የነካውም ይጎዳል። ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነት ለጉዳት የላከው ርዳታ ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ያፈስሳሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሥፍራው ይጎርፋሉ። የሚያስቸግረው ርዳታው ሲበዛና አልመለስ ሲል ነው።

የኦፒዮይድ ተቀባዮች የአንጎልና የአከርካሪ ጉዳይ ብቻ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ሙኒክ ክሪስቶፍ ስታይንና ባልደረቦቹ ይህን መጠራጠር ጀመሩ። ሕመም የሚያደርሱ ነርቮች ጫፋቸው ቆዳና መገጣጠሚያ ውስጥ ነው፤ የነርቭ ሕዋሱ እናት አካል ግን አከርካሪ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ተቀባዩ እዚያ ይሠራና በነርቩ ውስጥ ተጉዞ ጫፉ ድረስ ይደርሳል። አንድ ሥፍራ ሲቆጣ ጉዞው ይበረታል፤ ነርቩን የሚሸፍነው ሽፋንም ይላላል። ስለዚህ የተቆጣ ጉልበት፣ ጤነኛው ጉልበት የሌለው የተከፈተ የቁልፍ ቀዳዳ በደጁ ይኖረዋል።

ቁልፉን ማን ያመጣል? ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ነው። የስታይን ቡድን አንድ የኋላ እግሯ ብቻ የተቆጣ አይጥ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ እንድትዋኝ አደረገ። ከውሃው ስትወጣ የተቆጣው እግር ሕመም ቀነሰ፤ በጤነኛው እግር ላይ ግን ምንም ለውጥ አልታየም። የኦፒዮይድን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን በዚያው እግር ውስጥ ሲወጋ እፎይታው ጠፋ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ቀድማ የወሰደች አይጥ ደግሞ እፎይታውን ጭራሽ አላየችም። ነገሩ ሲፈታ፣ ለብግነት የሚጎርፉት ነጭ የደም ሕዋሳት ራሳቸው በሆዳቸው ቤታ ኢንዶርፊን ይዘው ይዞራሉ፤ ጭንቀት ሲመጣ እዚያው ከነርቩ ጫፍ አጠገብ ያራግፉታል። ሰውነት ማስታገሻውን ቤት ለቤት የሚያደርስ መልእክተኛ አለው ማለት ነው።

መልእክተኛው አድራሻውን እንዴት ያውቃል? የአዲስ አበባ ሰው ይህ በቀላሉ ይገባዋል። ነጭ የደም ሕዋስ በደም ሥር ውስጥ እንደ ሚኒባስ ያልፋል። ጤነኛ ሥፍራ ላይ አይቆምም። የተቆጣ ሥፍራ የደም ሥር ግን በውስጠኛ ግድግዳው ላይ እንደ መንጠቆ ያሉ ሞለኪውሎችን ያወጣል፤ ከእነሱ አንዱ አይካም-1 ይባላል። ሕዋሱ በመንጠቆው ይያዛል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይቆማል፣ ከዚያም በግድግዳው ሾልኮ ይወርዳል። አይካም-1 ማለት «ወራጅ አለ!» የሚባልበት ፌርማታ ነው። የእናቴ ትራማዶል በየፌርማታው የሚወርድ ተሳፋሪ ነበር፤ ነጭ የደም ሕዋስ የሚወርደው ጠብ ባለበት ሰፈር ብቻ ነው።

በ1991 የሙኒኮቹ ሐኪሞች ሐሳቡን በሰው ሞከሩት። በመሣሪያ ጉልበታቸው ውስጥ ታይቶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች አንድ ሚሊግራም ሞርፊን በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ ሰጡ፤ ለሌሎች ያንኑ አንድ ሚሊግራም በደም ሥር። በመገጣጠሚያው የተሰጣቸው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሕመማቸው ይበልጥ ቀነሰ። ናሎክሶን አብሮ ሲጨመር ጥቅሙ ጠፋ። ያን ያህል ትንሽ ሞርፊን በደም ተሰራጭቶ ማንንም አያስታግስም፤ እንግዲህ የሠራው እዚያው ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ተደሰተ። ደስታው ግን ውሃ ተጨመረበት፤ የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2016 ባወጣው ግምገማ ሙከራዎቹን ሰብስቦ ሲመዝን፣ አንድ ሚሊግራም ሞርፊን በጉልበት ውስጥ ከባዶ መርፌ እንደሚሻል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። በተጨማሪም ጉልበት በተቆጣ ቁጥር መርፌ መሰካት የሚወድ ሰው የለም፤ መርፌው ራሱ ብግነት ሊያመጣ ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ሆነ፦ መርፌውን ክንድ ላይ ወግተን መድኃኒቱ ራሱ ፌርማታውን አውቆ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል ወይ? ለዚያ ልባስ ያስፈልጋል።

ልባሱ ሊፖሶም ይባላል፤ በግሪክኛ «የስብ አካል» እንደማለት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ካምብሪጅ አቅራቢያ ባብራሃም በተባለ የምርምር ተቋም አሌክ ባንግሃም ከእንቁላል አስኳል የሚገኘውን ዓይነት ስብ በውሃ ሲያሽ አየው። ይህ ስብ ፎስፎሊፒድ ነው፤ ጭንቅላቱ ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ውሃ ይሸሻል። በውሃ ውስጥ ሲገባ ጭራዎቹ እርስ በርስ ይሸሸጋሉ፣ ጭንቅላቶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይሆናሉ፤ ማንም ሳያዝዘው ራሱ ተጠቅልሎ ባዶ ኳስ ይሆናል። ሳምቡሳ በሉት፤ ሊጡ ከስብ የተሠራ፣ ውስጡ የፈለጋችሁትን የምትሞሉበት። መጠኑ ግን ለመድኃኒት በሚዘጋጅበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ውሃ የሚወድ መድኃኒት በሆዱ ይቀመጣል። እንደ ሎፐራሚድ ስብ የሚወድ ደግሞ በሊጡ ውስጥ ይሸሸጋል።

መድኃኒትን መጠቅለልና ወደ አድራሻው መላክ አንድ አይደሉም። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዴፖዱር የተባለ በሊፖሶም የተጠቀለለ ሞርፊን ፈቅዶ ነበር። በአከርካሪ አካባቢ አንድ ጊዜ ይወጋና እስከ 48 ሰዓት ቀስ እያለ ይለቀቃል። ለቀዶ ሕክምና ሰዎች ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የሚሠራው እዚያው የተለመደው ቦታ፣ አከርካሪ ላይ ነው። ትንፋሽ የማዘግየቱ ስጋትም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ረዘመ፤ በሽተኛው ለሁለት ቀን መጠበቅ ነበረበት። በኋላ ከገበያ ወጣ። ጥቅል ነበር፤ አድራሻ ግን አልተጻፈበትም።

አድራሻ የጻፉት አውስትራሊያውያን ናቸው። ሱዛን ሁዋና ፒተር ካቦት በ2013 ባወጡት ሥራ ሎፐራሚድን፣ ያንን የተቅማጥ መድኃኒት፣ በሊፖሶም ጠቀለሉት። ከልባሱ ውጭ አይካም-1ን የሚያውቅና የሚይዝ፣ አንቲቦዲ የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን ተከሉበት። እንግዲህ ምን ሠሩ ማለት ነው? ነጭ የደም ሕዋስን አስመሰሉ። ሆዱ ውስጥ በኢንዶርፊን ፋንታ ሎፐራሚድ የያዘ፣ «ወራጅ አለ!» የሚልበትን ፌርማታ የሚያውቅ ሰው ሠራሽ መልእክተኛ። ሎፐራሚድን መምረጣቸውም ብልህነት ነው፤ ጥቅሉ ቢፈታና መድኃኒቱ በደም ውስጥ ቢፈስ እንኳ የአንጎሉ ዘበኛ አያስገባውም። ሁለት መቆለፊያ ያለው በር ነው።

በደም ሥር ሲሰጥ ጥቅሉ በተቆጣው የአይጥ እግር ላይ ተከማቸ። ሕመሙ ቀነሰ፤ እብጠቱም ጎደለ። አንቲቦዲ የሌለው ማነጻጸሪያ ይህን ማድረግ አልቻለም። እብጠቱ ለምን ጎደለ ትሉኝ ይሆናል፤ ሞርፊንን የምናውቀው በማስታገስ እንጂ እብጠት በማጉደል አይደለምና። የነርቭ ጫፍ ወሬ አድራሽ ብቻ አይደለም። ሲነካ ሰብስታንስ ፒና ሲጂአርፒ የሚባሉ ኬሚካሎችን በዙሪያው ይረጫል፤ እነሱም የደም ሥርን ያሰፋሉ፣ እንዲያፈስስ ያደርጋሉ። ወሬኛ ጎረቤት ጠብ ማውራቱ ሳያንስ እሳቱ ላይ እንጨት እንደሚጨምር ማለት ነው። የኦፒዮይድ ቁልፍ በነርቩ ጫፍ ሲገባ ወሬውም ይቆማል፣ እንጨቱም ይቀንሳል።

በዚያው ዘመን የሁዋ ቡድን ሎፐራሚድ ያለበት ሊፖሶም በቆዳ ላይ የሚቀባ ጄል አድርጎ ሠራ። ድንገት በተቆጣ የአይጥ እግር ላይ ሲቀባ ሕመምንም እብጠትንም ቀነሰ። እዚህ ላይ ንግግሬን ብጨርስ ኖሮ ታጨበጭቡልኝ ነበር።

ነገር ግን ያው ቡድን ጄሉን ወደ ሌላ በሽታ ወሰደው። የመገጣጠሚያ ሪህን፣ ያንን የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበትን በሽታ በሚያስመስል ሁኔታ በታመሙ አይጦች ላይ ሞከሩት። በ2017 ያወጡት ውጤት ርእሱ ላይ ሳይቀር ተጽፏል፦ ጄሉ ብግነቱን አባሰው፣ በሽታውንም አፋጠነው። ያው መድኃኒት፣ ያው ልባስ። ለአጭር ቁጣ የረዳው ለሥር የሰደደው ጎጂ ሆነ። ኦፒዮይድ የሚያገኘው ነርቭን ብቻ አይደለም፤ የመከላከያ ሕዋሳትም ራሳቸው የኦፒዮይድ ተቀባይ አላቸው፣ እነሱም መልእክቱን ይሰማሉ። አንድ ተመራማሪ የገዛ ተስፋውን የሚያፈርስ ውጤት በአደባባይ ሲያወጣ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ይህን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ ነው ጉዳዩን በቁም ነገር መከታተል የጀመርኩት።

በርሊን ውስጥም ሥራው ቀጥሏል። በዚያው በ2017 ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ ሞርፊንን ትልቅና ቅርንጫፋም በሆነ ፖሊግሊሰሮል ላይ አስረው በደም የላኩበት ነው። ግዝፈቱ ወደ አንጎል አያስገባውም፤ በተቆጣ ሥፍራ ያለው አሲድና ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣው ኢንዛይም ግን ማሰሪያውን ይበጥሰዋል፣ ሞርፊኑም እዚያው ይፈታል። አይጦቹ ሕመማቸው ቀነሰ፤ አልደነዘዙም፣ ሆዳቸውም አልታሰረም። እናቴ ብትሰማ ከአይጦቹ ጋር ቦታ ትለዋወጥ ነበር። ሁለተኛው የስታይን ቡድን ሥራ ነው፤ እሱ ልባስ የሚባል ነገር ጭራሽ ትቶ ፌንታኒልን ራሱን ቀየረው። የተቆጣ ሥፍራ ከጤነኛው ይበልጥ አሲድ ነው። አዲሱ ሞለኪውል በአሲድ ውስጥ ብቻ ቁልፉ የሚሠራ ሆኖ ተቀረጸ። ኮምፒውተር ላይ ተሰልቶ የተሠራ ነውና የወጣቶቻችሁን ዓይን የሚስበው ይህ ይሆናል፤ እኔ ግን የድሮ ሰው ነኝ፣ ሳምቡሳው ይበልጥብኛል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በሊፖሶም የተጠቀለለ መድኃኒት አገራችን ከገባ ቆይቷል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ የወረደ ሰው ካላዛር የተባለው የሌሽማኒያሲስ በሽታ ይዞት ሲመለስ፣ በሽታው ከጸናበት ወይም ኤችአይቪ አብሮት ካለ፣ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አምቢዞም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሌሽማኒያሲስ ማዕከል ይህን መድኃኒት በደንብ ያውቀዋል። ውስጡ ያለው አምፎተሪሲን ቢ ነው፤ ሳይጠቀለል ሲሰጥ ኩላሊትን የሚያደክም፣ በሽተኛውን በብርድ የሚያንቀጠቅጥ ከባድ መድኃኒት ነበር። በሊፖሶም ሲሆን ገራም ሆነ። ምሥጢሩን ስሙ። ሰውነት ሊፖሶምን እንደ ባዕድ ያየዋል፤ በጉበትና በጣፊያ ያሉ ጠራጊ ሕዋሳት ቶሎ ይውጡታል። ለሕመም ማስታገሻው ይህ እንቅፋት ነው፤ ወደ ጉልበት የተላከው ጣፊያ ውስጥ ይቀራል። የካላዛር ተሕዋስ ግን የሚኖረው በእነዚያው ጠራጊ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነው። ለአንዱ መንገድ ላይ ዘረፋ የሆነው ለሌላው ቤት ድረስ መሸኘት ሆነለት።

ዋጋውና ሙቀቱም ትምህርት ናቸው። አምቢዞም ለድሃ አገሮች የሚደርሰው በአብዛኛው አምራቹ ጊሊያድ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በ2011 በተዋዋለው ልገሳ ነው። ደግሞም ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው ቆላ ይህን መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የሠራ ያውቀዋል። የስብ ልባስ የቅቤ ዘመድ ነው።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ሳልናገር አልወርድም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ሞርፊን በዝቶበት ልባስ ሲፈልግለት፣ የእኛ የካንሰር በሽተኛ ልባስ የሌለውን፣ ርካሹን፣ በአፍ የሚጠጣውን ሞርፊን አጥቶ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። ሞርፊን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ ስለ ሱስና ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ያልኩትን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ የሚሞት ዘመዳችሁ ሞርፊን ሲታዘዝለት «ሱስ ያስይዘዋል» ብላችሁ እንዳታስከለክሉ። እለምናችኋለሁ።

ጥያቄ ካለ።

[አንድ ወጣት ይህ ጄል በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ጠየቀ።]

በየትኛውም። የነገርኩህ የአይጥ ነገር ነው። በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው አይሠራም፤ እንዳየኸው በአይጥም ቢሆን አንዱ በሽታ ላይ የሠራው ሌላው ላይ ከፋ።

[አንዲት እናት፣ ሎፐራሚዱ ተፈጭቶ ከቫዝሊን ጋር ቢቀባስ ሲሉ ጠየቁ።]

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ። አይሆንም። ቫዝሊን ውስጥ የተፈጨ እንክብል ሊፖሶም አይደለም፤ ቆዳን አልፎ እንዲገባ የሚያግዘው ነገር የለም፣ እዚያው ላይ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ለተቅማጥ ካልሆነ ለሕመም ይሆናል ብሎ አብዝቶ መዋጥ ነው። ቅድም ያወራሁት የአንጎል ዘበኛ ብዙ ሲመጣበት ይሸነፋል። ልብም ሥርዓቷን ታጣለች፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ሎፐራሚድ በብዛት ሲወሰድ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል እንደሚችል አስጠንቅቋል። እርስዎ ያበጠ ጉልበት ካለዎት ይታዩ። ከአንድ በላይ መገጣጠሚያ አብጦ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ሰዓት የሚደርቅብዎት ከሆነ ደግሞ ቀን አያሳልፉ።

[አንድ አዛውንት፣ እናትዎ አሁን እንዴት ናቸው ሲሉ ጠየቁ።]

ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትራማዶሉን ቀነስንላት፣ የሆድ ማለስለሻ ጨመርንላት፤ ትሄዳለች። ዛሬ እዚህ እንድትመጣ ለምኛት ነበር። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስትሰማ፣ «ስለ ጉልበቴ ልታወራ ጉልበቴን ደረጃ ታስወጣዋለህ?» ብላ ቀረች።